መብራቱ ሳሎን ገብቷል፤ ማዕድ ቤትስ?

የመግሪብ ሶላት ተሰግዶ ሰው ወደየቤቱ በሚገባበት ሰዓት መብራት ድርግም ይላል። ሰፈሩ ለአንድ አፍታ ጸጥ ካለ በኋላ ከየቤቱ አንድ ዓይነት ጥያቄ ይሰማል፦ «የእኛ ብቻ ነው ወይስ የሁሉም?» አንዱ በር ከፍቶ ይወጣና ማዶ ያሉትን ቤቶች ይቃኛል። ሁሉም ከጨለመ «የሁሉም ነው» ብሎ ተረጋግቶ ይመለሳል። የጎረቤቱ በርቶ የእሱ ብቻ ከጠፋ ግን ሐሳብ ይገባዋል። ፊውዝ ይሆን? የካርዱ ሂሳብ አልቆ ይሆን? ሽቦው ተበጥሶ ይሆን? እያለ ቆጣሪው ሥር ይቆማል።

ውድ አንባቢያን፣ ይህች ጥያቄ በአያቶቻችን ቤት አትታወቅም ነበር። የአንዱ ቤት ኩራዝ ቢጠፋ የሌላው ቤት ኩራዝ ምንም አይሆንም። ላምባ ያለቀበት ከጎረቤት ተበድሮ ይሞላል፤ ነገሩም በዚያው ያበቃል። የእያንዳንዱን ቤት ብርሃን ከሌላው ቤት ብርሃን ጋር ያስተሳሰረው ሀገር አቀፉ የኤሌክትሪክ መስመር ነው። በዚህ ጽሑፋችን መስመሩ በሀገራችን እንዴት እንደተዘረጋ፣ ቤታችን ገብቶ ምን እንደለወጠና ምን ሳይለውጥ እንደቀረ አላህ (ሱ.ወ) ባሳወቀን መጠን እንመለከታለን።

ከቤተ መንግሥት ደጃፍ

ኤሌክትሪክ ወደ ሀገራችን የገባው በአፄ ምኒልክ ዘመን፣ በ1890 ዓ.ም አካባቢ ነው። ያን ጊዜ የመጣው ጄኔሬተር የሚያበራው ቤተ መንግሥቱን ነበር። እ.ኤ.አ በ1912 ደግሞ በአቃቂ ወንዝ ላይ የመጀመሪያው የውኃ ኃይል ማመንጫ ተሠራ፤ ዓላማውም በአዲስ አበባ ለተቋቋሙት ጥቂት ፋብሪካዎች ኃይል ለመስጠት ነበር። ቀስ በቀስም በቤተ መንግሥቱ ዙሪያ ያሉ ዋና ዋና መንገዶችና የሕዝብ መሰብሰቢያ ቦታዎች መብራት አገኙ። ቅደም ተከተሉን ልብ ይሏል፤ ቤተ መንግሥት፣ ፋብሪካ፣ መንገድ። የተራው ሰው ቤት መጨረሻ ላይ ነው። ኋላ እንደምናየው ይኸው ቅደም ተከተል በየቤታችን ውስጥም ተደግሟል።

ድርጅቱ ስሙን ብዙ ጊዜ ለውጧል። ከጣሊያን ወረራ በኋላ የጠላት ንብረት አስተዳደር ይዞት ቆየ፤ ቀጥሎ ሸዋ መብራት ኃይል ተባለ፤ በ1948 ዓ.ም የኢትዮጵያ መብራትና ኃይል ባለሥልጣን ሆነ፤ በ1989 ዓ.ም ወደ ኮርፖሬሽንነት ተለወጠ፤ በ2006 ዓ.ም ደግሞ አመንጪውና አስተላላፊው በአንድ ወገን፣ ለደንበኛ የሚያከፋፍለው በሌላ ወገን ሆነው ለሁለት ተከፈሉ። ሕዝቡ ግን ይህን ሁሉ ለውጥ ከቁም ነገር አልቆጠረውም። ዛሬም ሂሳብ ሊከፍል የሚሄድ ሰው «መብራት ኃይል ደርሼ ልምጣ» ነው የሚለው።

ለሀገር አቀፉ መስመር መሠረት የጣለው የቆቃ ግድብ ነው ብንል ከእውነት አንርቅም። በአዋሽ ወንዝ ላይ ተገንብቶ እ.ኤ.አ በ1960 ሥራ የጀመረው ይህ ግድብ የተሠራው ጣሊያን ለወረራው በከፈለችው የጦር ካሣ ነበር። የማመንጨት አቅሙ 43 ሜጋ ዋት ገደማ ሲሆን በዘመኑ እንደ ትልቅ ነገር ይታይ ነበር። ከቆቃ ወርዶ የሚፈሰው ያው ውኃ በአዋሽ 2 (እ.ኤ.አ 1966) እና በአዋሽ 3 (እ.ኤ.አ 1971) እንደገና ተርባይን እንዲዘውር ተደረገ፤ አንድ ውኃ ሦስት ጊዜ ሠራ ማለት ነው። ፊንጫ እ.ኤ.አ በ1973፣ በዋቤ ሸበሌ ላይ ያለው መልካ ዋከና ደግሞ እ.ኤ.አ በ1988 ተከተሉ።

እነዚህ ጣቢያዎች በከፍተኛ መስመር እርስ በርሳቸው ሲያያዙ ትልቁ ለውጥ መጣ። ከመስመሩ ውጭ የቀሩት ከተሞች ለረጅም ጊዜ በናፍጣ ሞተር ነበር የሚኖሩት። በብዙ ትንንሽ ከተሞች ሞተሩ የሚነሳው ከምሽቱ 12 ሰዓት ሲሆን ሌሊት 6 ሰዓት ላይ ይጠፋል። ናፍጣ ካለቀ ወይም መለዋወጫ ከጠፋ ከተማዋ በሙሉ ወደ ኩራዟ ትመለሳለች። ሞተሩ አንድ ነውና የሚያግዘው የለም። የመስመሩ ጥቅም እዚህ ላይ ነው፤ በአንድ አካባቢ ያለው ጣቢያ ሲደክም ከሌላ አቅጣጫ የሚመጣው ኃይል ይደግፈዋል።

ቋት ያልሆነው ቋት

በጋዜጣና በሬዲዮ «ብሔራዊ የኃይል ቋት» የሚለውን አነጋገር አዘውትረን እንሰማለን። ለተማሪዎቻችን ይህን ቃል ስናስረዳ ሁልጊዜ አንድ ማሳሰቢያ እንጨምራለን። ቋት ማለት እህል ወይም ዱቄት የሚጠራቀምበት ዕቃ ነው፤ ዛሬ የጨመርከውን ነገ ትዝቀዋለህ። የኤሌክትሪክ መስመር ግን እንዲህ አይደለም። መስመሩ ምንም አያጠራቅምም። በዚህች ሴኮንድ የሚበራው አምፖል የሚበራው በዚህችው ሴኮንድ ቆቃ ወይም በለስ ላይ በሚዞር ተርባይን ነው። እውነተኛው ቋት ከግድቡ ኋላ የተኛው ውኃ ነው።

በሀገራችን መስመር ላይ ያሉት ጄኔሬተሮች በሙሉ አንድ ላይ፣ በሴኮንድ 50 ዑደት የሚሰጥ ኃይል እያመነጩ ይዞራሉ። አንድ ጀምዓ ኢማሙን ተከትሎ አብሮ ሩኩዕና ሱጁድ እንደሚያደርግ ሁሉ አንዱ ቀድሞ ሌላው ሊዘገይ አይችልም። ሕዝቡ ከሚመነጨው በላይ መጠቀም ሲጀምር ሁሉም በአንድነት ዝግ ማለት ይጀምራሉ። ያን ጊዜ ተቆጣጣሪዎቹ ከአንዳንድ ሰፈሮች ላይ ካልቀነሱ መላው መስመር ሊወድቅ ይችላል። በአንድ ሰፈር ሲጠፋ ማዶ የሚበራበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ከገጠር ዘመዶቻችን ዘንድ የሚነሳ አንድ ቅሬታም አለ። «መስመሩ በራሳችን ላይ ያልፋል፤ ለእኛ ግን መብራት የለም» ይላሉ። ቅሬታው እውነት ነው፤ ምክንያቱን ግን ማወቅ ይገባል። ኃይል ሩቅ መንገድ ሲጓዝ ሽቦውን እያሞቀ ይባክናል። ቮልቴጁ እጥፍ ቢደረግ ያንኑ ኃይል ለማድረስ የሚያስፈልገው ከረንት በግማሽ ይቀንሳል፤ ብክነቱ ግን ወደ ሩብ ይወርዳል። ስለዚህ ታላላቆቹ መስመሮች 132 ሺህ፣ 230 ሺህ፣ 400 ሺህ፣ አልፎም 500 ሺህ ቮልት ተሸክመው ነው የሚያልፉት። ይህን በቀጥታ ወደ ጎጆ ማውረድ አይቻልም። ማከፋፈያ ጣቢያ መሠራት፣ ከዚያ በ15 ሺህ ወይም በ33 ሺህ ቮልት ወደ መንደር መሄድ፣ በመጨረሻም ምሰሶ ላይ በተሰቀለው ትራንስፎርመር 220 ቮልት ሆኖ መውረድ አለበት። ወጪው ያለው እዚያ ላይ ነው። በ1998 ዓ.ም የተጀመረው የገጠር ማዳረስ ፕሮግራም በሺዎች ለሚቆጠሩ ከተሞችና ቀበሌዎች መስመር አድርሷል። ይሁንና በሚሊዮን የሚቆጠሩ ቤተሰቦች ዛሬም ከመስመሩ ውጭ ናቸው፤ ከፊሎቹ በፀሐይ ብርሃን በምትሠራ ትንሽ መብራት ራሳቸውን ችለዋል።

አንድ ኩራዝ ዙሪያ

በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዘመን ቤቶች መብራት እንዳልነበራቸው እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) መናገራቸው በሐዲሥ ተዘግቧል። መብራት ያለው ሰው ደግሞ ሲተኛ እንዲያጠፋ ታዟል። አይጥ ክሩን ጎትታ ቤቱን በላያቸው ላይ እንዳታቃጥል ነበር ምክንያቱ። በኩራዝ ያደገ ሰው ይህን ሐዲሥ ያለ ማብራሪያ ይረዳዋል። ጠዋት አፍንጫን ሲጠርጉ የሚወጣው ጥቀርሻ፣ ተገልብጦ የሚፈሰው ላምባ፣ የሕፃን እጅ ሲደርስበት የሚሰማው ድንጋጤ ከኩራዙ የማይለዩ ነገሮች ነበሩ።

እኛ ባደግንባት የወሎ ትንሽ ከተማ መብራት የገባው በ1999 ዓ.ም ነበር። ከዚያ በፊት ከመግሪብ እስከ ዒሻ ያለው ጊዜ የቁርኣን ጊዜ ነበር። ደረሳዎቹ ከየጫካው የለቀምነውን ጭራሮ አንድደን፣ ሉሐችንን ወደ እሳቱ አዘንብለን እንቀራ ነበር። እሳቱ ሲዳከም ፊደሉ ይጠፋል፤ ያን ጊዜ በቃል የያዘና ያልያዘ ይለያል። ሼኻችን እሳቱ ሆን ተብሎ እንዲዳከም የሚተዉበት ጊዜ ነበር ብለን እንጠረጥራለን። ቤት ስንመለስ ደግሞ አንድ ኩራዝ ብቻ ናት ያለችው። አባት ሂሳቡን፣ ልጅ የትምህርት ቤት ደብተሩን፣ እህት ስፌቷን ይዘው በአንዲት ኩራዝ ዙሪያ ይሰበሰባሉ። የሚነጋገሩት ተዋደው ብቻ አይደለም፤ ሌላ የሚሄዱበት ብርሃን ስለሌለም ነው።

መብራት ሲገባ ይህ ክብ ተበተነ። ልጅ ወደ መኝታው አምፖል፣ አባት ወደ ሬዲዮው፣ ቀጥሎም ሁሉም ወደ ቴሌቪዥኑ ሄደ። ብዙዎች ይህን እያነሱ ሲያዝኑ እንሰማለን፤ እኛም ሐዘኑ ይገባናል። ግን ነገሩን ማጋነንም አይገባም። ለስምንተኛ ክፍል ሀገር አቀፍ ፈተና በኩራዝ ያጠና ሰው የዓይኑን መቅላት አይረሳም። ለሱብሂ አዛን ሙአዚኑ ጉሮሮው እስኪሰነጠቅ ይጮህ የነበረበት መንደር ዛሬ በድምፅ ማጉያ ከዳር እስከ ዳር ይሰማል። በረመዳን ሱሑር ላይ በጨለማ ወጥ ስትፈልግ እጇ የተቃጠለ እናት ዛሬ ማብሪያውን ብቻ ትጫናለች። በመስጂዶቻችንም ሴቶች ለተራዊሕ በብዛት መምጣት የቻሉት መንገዱ ሲበራ መሆኑን አንርሳ።

ሦስት አምፖል

አባታችን መስመር ሲያስገቡ ሦስት አምፖል አሰቀሉ፤ አንዱ ሳሎን፣ አንዱ መኝታ ቤት፣ አንዱ ደጅ። ማዕድ ቤቱ ከዋናው ቤት ተለይቶ የተሠራ ጎጆ ስለነበረ ሽቦ መጨመር ይጠይቃል፤ «ኋላ ይደረሳል» ተባለና ታለፈ። አባታችን፣ አላህ ይዘንላቸውና፣ ክፉ ሰው አልነበሩም። በከተማችን ያሉ አባወራዎች በሙሉ ያደረጉት ይህንኑ ነበር። እናታችን ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ደጁ እንደ ቀን እያበራ፣ እርሷ በኩራዝ እንጀራ ጋገረች። ቤተ መንግሥት፣ ፋብሪካ፣ መንገድ ያልነው ቅደም ተከተል ይኸው ነው። ቤቱ ውስጥ ከሁሉ ይልቅ በእሳትና በጨለማ የሚደክመው ሰው መጨረሻ ላይ ይቀመጣል።

ይህ የእኛ ቤት ታሪክ ብቻ ቢሆን ባልጻፍነው ነበር። መብራት የገባላቸው አብዛኞቹ የሀገራችን ቤቶች ዛሬም የሚያበስሉት በእንጨት፣ በኩበትና በከሰል ነው። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚገምተው እ.ኤ.አ በ2020 በቤት ውስጥ ጭስ ምክንያት በዓለም ላይ ወደ 3.2 ሚሊዮን የሚጠጉ ሰዎች ሞተዋል። ጭሱን በቅርብ የሚተነፍሱት ደግሞ እናቶችና በጀርባቸው የታዘሉ ሕፃናት ናቸው። ለቴሌቪዥን ገንዘብ ያገኘ ቤት ለምጣድ ገንዘብ አጣሁ ሲል ነገሩ የገንዘብ ብቻ አለመሆኑ ይታያል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ቤታቸው ውስጥ ምን ይሠሩ እንደነበር ሲጠየቁ ዓኢሻ (ረ.ዐ) ቤተሰባቸውን በሥራ ያግዙ እንደነበር መልሰዋል። ወንዶች ስለ መብራት ሲወስኑ ይህን ሐዲሥ ምን ያህል እናስታውሰዋለን?

እኛን ያስታወሰችን ጅዳ በሰው ቤት ተቀጥራ ትሠራ የነበረችው ታላቅ እህታችን ናት። የሰው ማዕድ ቤት ስታጸዳ የእናቷ ማዕድ ቤት ታያት መሰለን፤ ገንዘብ ስትልክ «ለእማ የኤሌክትሪክ ምጣድ ይገዛላት፤ ለሌላ ነገር ብታውሉት ይቅር አልላችሁም» ብላ በስልክ ቃል አስገባችን። ምጣዱ ሲመጣ የሽቦውም ችግር በአንድ ቀን ተፈታ። «ኋላ ይደረሳል» የተባለው ነገር ግማሽ ቀን ብቻ ነበር የሚፈጀው።

በጨለማ የተጾመ ረመዳን

የኤሌክትሪክ ምጣድ ግን ቀላል እንግዳ አይደለም። አንድ ምጣድ 3,500 ዋት ገደማ ይወስዳል። ዛሬ በየቤቱ ያለው ኃይል ቆጣቢ አምፖል 10 ዋት ቢሆን አንዱ ምጣድ የ350 አምፖሎችን ያህል ይጎትታል ማለት ነው። ምሽት ላይ፣ ሰው ሁሉ ቤቱ በገባበት ሰዓት፣ ምጣዶች አንድ ላይ ሲጣዱ ከትራንስፎርመሩ ራቅ ያሉት ቤቶች አምፖላቸው እንደ ፍም ይቀላል። ይህን ያላየ የከተማ ልጅ ያለ አይመስለንም።

ቋቱ ሐይቁ ነው ብለናል፤ ሐይቁ ሲጎድልስ? በ2001 ዓ.ም ዝናብ አጥሮ ግድቦች በመጉደላቸው መብራት በፈረቃ ሆነ። ብዙ ቤቶች አንድ ቀን አግኝተው አንድ ቀን ያድሩ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት፣ በ2002 ዓ.ም፣ ተከዜ (300 ሜጋ ዋት)፣ ጊቤ 2 (420 ሜጋ ዋት) እና ጣና በለስ (460 ሜጋ ዋት) በአንድ ዓመት ውስጥ ተመረቁ። በ2009 ዓ.ም ደግሞ 1,870 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ጊቤ 3 ተመረቀ። ያም ሆኖ በግንቦት 2011 ዓ.ም የዚሁ የጊቤ 3 ውኃ ቀንሶ ፈረቃው ተመለሰ፤ ጊዜውም ረመዳን ነበር። ኢፍጣር በሻማ፣ ሱሑር በስልክ መብራት ያደረጉ ቤተሰቦች ጥቂት አልነበሩም። ከዚያ ወዲህ መስመሩ የበለጠ ሰፍቷል። በኅዳር 2015 ዓ.ም ከወላይታ ሶዶ ተነስቶ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ የሚጓዘው የኬንያ መስመር ሥራ ጀመረ። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም መሠረቱ የተጣለው የዓባይ ግድብም ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም ተመረቀ። የማመንጨት አቅሙ 5,150 ሜጋ ዋት ነው፤ ወደ 120 የሚጠጉ ቆቃዎች ማለት ነው።

ውኃ፣ ሣርና እሳት

ሙስሊሞች በውኃ፣ በግጦሽ ሣርና በእሳት ተጋሪዎች መሆናቸውን የሚገልጽ ሐዲሥ አቡ ዳውድ ዘግበዋል። በዘመናችን ያሉ አንዳንድ ዑለሞች ከዚህ ተነስተው እንደ ኤሌክትሪክ ስላሉ የጋራ ነገሮች ተወያይተዋል። ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ነገሩ ይበልጥ ቅርብ ነው፤ ቤታችን የሚገባው እሳት ከውኃ የተወለደ ነውና።

«መብራት የመንግሥት ነው» እያሉ ቆጣሪውን አልፈው ከመስመር የሚጠልፉ ሰዎች፣ ከነሱም መካከል ሶፍ የማይስቱ፣ በየሰፈሩ አሉ። ትራንስፎርመሩ በተቆጠረ ቤት ልክ ተሰልቶ የተተከለ ነው። ያልተቆጠረ ቤት ሲጨመርበት ይግላል፤ ከዕለታት አንድ ቀን ይቃጠላል፤ ያን ጊዜ በጨለማ የሚቀመጡት በሕጋዊ መንገድ የሚከፍሉት ሁሉ ናቸው። ወንጀሉ የተፈጸመው ከግድግዳው ማዶ ባለችው እናት ላይ እንጂ በሩቅ ባለ መሥሪያ ቤት ላይ ብቻ አይደለም።

ከዚህ የሚለይ፣ ግን የማይነገር ሌላ ጉዳይ አለ። የራሱ ቆጣሪ የሌለው ደሃ ከጎረቤት መስመር ይቀጥልና በአምፖል ቁጥር ይከፍላል። የታሪፉ አሠራር ብዙ በተጠቀሙ ቁጥር ዋጋው እየጨመረ የሚሄድ ነው። ሦስት ቤት በአንድ ቆጣሪ ሲጠቀም ሂሳቡ እንደ አንድ ትልቅ ተጠቃሚ ይቆጠራል፤ ባለ ቆጣሪውም በዚያ ላይ የራሱን ጨምሮ የሚያስከፍልበት ጊዜ አለ። በመጨረሻ ባለ አንድ አምፖሏ ባልቴት ለአንድ ዩኒት ከባለ ቪላው ያላነሰ ትከፍላለች። ባለ ቆጣሪ የሆንን ሰዎች ወርኃዊ ደረሰኙን ለጎረቤታችን እናሳየዋለን ወይ?

በእናታችን ሰፈር የሆነውን እንንገርና እናብቃ። ምጣዱ በገባ በዓመቱ አሥራ አንድ ቤቶች ምጣድ ገዙ፤ ትራንስፎርመሩም በየምሽቱ ይጠፋ ጀመር። አቤቱታ ተጻፈ፤ መልሱ ዘገየ። ሴቶቹ ግን አልጠበቁም። አንድ ቀን ለቡና ተሰብስበው፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም፣ የምጣድ ተራ አወጡ። ማንም ከመግሪብ እስከ ዒሻ እንዳይጥድ፣ የቀረውም ጊዜ ለአሥራ አንዱ ቤት እንዲደለደል ተስማሙ። የጾም ዋዜማ ላላቸው፣ ልጅ ለወለደች፣ ለቅሶ ለተቀመጠ ቤት ተራ ይለቀቃል። የጽሑፍ ስምምነት የለም፤ ሁሉም በቃሉ ያውቀዋል። የእናታችን ተራ ማክሰኞና ቅዳሜ ጠዋት ነበር። ረመዳን ሲገባ የጎረቤታችን የወይዘሮዋ ተራ ከቀትር በኋላ ስለነበር እርሷ ሳትጠየቅ ከእናታችን ጋር ተለዋወጠች፤ ለፋሲካ ደግሞ እናታችን የቅዳሜውን ጠዋት መለሰችላት።